የቀሃ ወንዝ ከሃያ ዓመት በኋላ፦ ትንበያውን በየትኛው መንገድ እንሥራ?

ሚያዝያ ላይ ነው። ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተንጠባጠበ ነው የሚሄደው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ እዚህ ጎንደር ከተማ፣ ቀሃ ዳር ቆመን ስናወራ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ይሄ ወንዝ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን መተንበይ ፈልጌያለሁ። ስዋት ልጠቀም ወይስ ማሽን ለርኒንግ?» ስዋት የተፋሰስን ውሃና አፈር የሚያሰላ ፕሮግራም ነው፤ ማሽን ለርኒንግ ደግሞ ኮምፒውተር ካለፈ መረጃ ራሱ እንዲማር የሚደረግበት ዘዴ ነው።

«ትንበያው ለማን ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ለመመረቂያ ጽሑፌ» አለች። እውነቷን ነው። ግን ለመመረቂያ ብቻ የሚሠራ ትንበያ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ወንዙም እንደነበረ ይቀጥላል።

ያን ቀን ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ አስፋፍቼ የጻፍኩት። ተማሪ ብትሆኑ፣ የቀበሌ ወጣት ብትሆኑ፣ ውሃ ወይም ግብርና ጽሕፈት ቤት ብትሠሩ፣ ከብዙዎቹ መንገዶች የትኛው ለእናንተ እንደሚሆን ለመምረጥ ይረዳችኋል ብዬ አስባለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንለይ። «የወንዙ ነገ» ሲባል ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ ውሃው ምን ያህል ይቆሽሻል ወይም ይጠራል የሚል ነው። ሌላው በውስጡ የሚኖረው ፍጥረት ይተርፋል ወይ የሚል ነው። ሰዎች የመጀመሪያውን ከመለሱ ሁለተኛው አብሮ የተመለሰ ይመስላቸዋል። አይደለም። የለንደኑ ቴምዝ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1957 በሳይንቲስቶች ዘንድ የሞተ ወንዝ ተብሎ ነበር። የፍሳሽ ማጣሪያው ሲሻሻል ግን ዓሣው ተመለሰ። ለምን? ከባሕሩም ከገባሮቹም የሚመጣ ዓሣ ስለነበረ ነው። የቀሃ ውሃ በመገጭ ወንዝ በኩል የሚደርስበት የጣና ሐይቅ ባርባስ ዓሦች ግን ሌላ ቤት የላቸውም። ከታች 40 ሜትር የሚሆነው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዘግቶባቸዋል። ከ15 በላይ ዝርያዎች እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነው የተፈጠሩት፤ አብዛኞቹም ከዚህ ውጭ በዓለም የትም አይገኙም። እነሱ አንዴ ከጠፉ ውሃው ጠራ አልጠራ የሚመጣ የለም። ስለዚህ የምትመርጡት መንገድ ከሁለቱ ጥያቄዎች የትኛውን እንደሚመልስ አስቀድማችሁ እወቁ።

እርሳስና ወረቀት

በጣም ርካሹ መንገድ ነው። ሰው የሚንቀውም እሱኑ ነው። እኔ ግን ማንም ሰው ከዚህ ሳይጀምር ወደ ኮምፒውተር ባይሄድ ደስ ይለኛል።

ስሌቱ የድብልቅ ስሌት ነው። ወንዙ የሚያመጣው ቆሻሻ ሲደመር ቱቦው የሚጨምረው ቆሻሻ፣ ለጠቅላላው ውሃ ሲካፈል። አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው። ወንዙ በሰከንድ 100 ሊትር ይፈሳል እንበል። ውሃው ንጹህ ነው፤ ቆሻሻው ለመበስበስ የሚፈልገው ኦክስጅን በሊትር 3 ሚሊግራም ነው። ከሰፈር የሚወጣ አንድ ቦይ ደግሞ በሰከንድ 10 ሊትር ይጨምራል። የሱ 200 ሚሊግራም ነው። ሲቀላቀሉ 21 ገደማ ይሆናል። ያው ቦይ በነሐሴ፣ ወንዙ በሰከንድ 2,000 ሊትር ሲያወርድ ቢገባበት ድብልቁ 4 ብቻ ነው። ቆሻሻው አልተለወጠም። የተለወጠው ወንዙ ነው።

አሁን ወደ ነገው እንሂድ። ከላይ ያሉ አትክልተኞች ፓምፕ ጨመሩና የበጋው ፍሰት ከ100 ወደ 50 ወረደ እንበል። ድብልቁ ወደ 36 ይወጣል። አንድም አዲስ ሽንት ቤት፣ አንድም አዲስ ላቫጆ ሳይከፈት ማለት ነው። ይሄ ትንበያ ነው። በአምስት ደቂቃ የተሠራ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ማንም ሊከተለው የሚችል ትንበያ።

ፍሰቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሜትር፣ የእጅ ስልክ ሰዓትና አንድ ብርቱካን ይበቃል። ብርቱካኑ አሥር ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሄደ ትቆጥራላችሁ። አሥሩን ሜትር ለሰከንዱ ስታካፍሉ ፍጥነቱ ይወጣል፤ እሱን በወንዙ ስፋትና ጥልቀት ታባዛላችሁ። ላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.85 ገደማ አባዙት። አለቀ።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ቆሻሻው እየሄደ ሲበሰብስ፣ ውሃው እየተንቦጫቦጨ ከአየር ኦክስጅን ሲስብ ይሄ ስሌት አያይም። እዚያ ላይ ነው ቀጣዩ የሚመጣው።

ኳል2ኬ፦ ለከተማ ወንዝ

ይሄ ነፃ ፕሮግራም ነው። በኤክሴል ይሠራል። አያቱ ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ሁለት ሰዎች የአሜሪካውን ኦሃዮ ወንዝ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጡት ስሌት ነው። ቆሻሻ ከገባ በኋላ ኦክስጅን እየወረደ ሄዶ፣ አንድ ቦታ ላይ ታች ደርሶ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። ዋናው ጥያቄ «ታቹ የት ነው፣ ምን ያህልስ ይወርዳል?» የሚል ነው። ከፋሲል መዋኛ በላይ ጀምራችሁ ቀሃን እስከ ከተማው መውጫ ብትከተሉት የምትፈልጉት መልስ ይሄው ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አይቻለሁ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት ያለ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። የእኛ ወንዝ በዚያው ሙቀት 7 ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ብዙ ዓሦች ደህና ሆነው ለመኖር 5 ያህል ይፈልጋሉ። ልዩነቱን ተመልከቱ። የዝቅተኛው አገር ወንዝ 4 ሚሊግራም መጠባበቂያ አለው። የኛ ግን 2 ብቻ ነው፤ ግማሹ ማለት ነው። ያው ቆሻሻ እዚያ ዓሣውን ያስጨንቀዋል፤ እዚህ ይገድለዋል። ፕሮግራሙ ላይ የከፍታው ሳጥን ዜሮ ሆኖ ከቀረ ኮምፒውተሩ የለንደንን መጠባበቂያ ለቀሃ ይሰጠዋል። ግራፉም ያምራል። ግን ውሸት ነው።

ሙቀትም አለ። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ መበስበሱ ደግሞ ይፈጥናል። ከሁለቱም ወገን ነው የሚጎዳው። የወደፊቱን ለማየት የሙቀት ቁጥሩን ሁለት ዲግሪ ጨምሩና እንደገና አስኪዱት። በወንዝ ዳር ያለው ዛፍ ተቆርጦ ጥላው ቢጠፋ ምን እንደሚሆንም እዚያው ሞክሩ።

ኳል2ኬ የማይችለው ጎርፍን ነው። ፍሰቱ ሳይለዋወጥ በቆየበት ቀን ላይ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ለጥር፣ ለየካቲት፣ ለመጋቢት ተጠቀሙበት። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ የስምንት ወር ቆሻሻ፣ ሃይላንዱን፣ ዘይቱን፣ ሁሉንም ጠርጎ ሲያወርድ ግን አታምጡት።

ስዋት፦ ለተፋሰስ

ጥያቄያችሁ ስለ አፈር ከሆነ ስዋትን ምረጡ። ይሄም ነፃ ነው። የአሜሪካ ግብርና ተመራማሪዎች የሠሩት ሲሆን በጣና ተፋሰስ ወንዞች ላይ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል። ተራራውን፣ አፈሩን፣ እርሻውንና ዝናቡን ተቀብሎ በየቀኑ ምን ያህል ውሃ፣ ምን ያህል ደለል፣ ምን ያህል ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንደሚወርድ ያሰላል።

የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱ ለጎንደር ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። ጀሪካን ተሸክሞ ወረፋ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። «ከግድቡ በላይ ያለውን ገደላገደል እርከን ብንሠራበት፣ ዳገቱን ከእርሻ ብናወጣው ደለሉ በስንት ይቀንሳል?» ለሚለው ጥያቄ ከስዋት የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። እምቦጩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አረሙ ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜኑ በኩል፣ መገጭ በሚገባበት አካባቢ ነው። ፎስፈረስ በአብዛኛው አፈር ላይ ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። ከእርሻ የታጠበ አፈር ሐይቁ አፍ ላይ ይተኛል። እምቦጩም እዚያ ላይ ይመገባል።

ፈተናው ሥራው ነው። ስዋትን ለማዘጋጀት ሳምንታት፣ ለማስተካከል ወራት ይወስዳል። የመገጭ ፍሰት አዘዞ አቅራቢያ ለብዙ ዓመታት ተለክቷል። ስለዚህ የውሃውን መጠን ከእውነቱ ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ። የፎስፈረስን ግን በምን ታመሳክሩታላችሁ? በዓመት ሁለት ቀን የተወሰደ ናሙና ይዞ እ.ኤ.አ. የ2050ን ፎስፈረስ በሁለት ዴሲማል መጻፍ ራስን ማታለል ነው። ስዋትን የመረጠ ሰው «አሁን ካለው ይህን ያህል እጥፍ» ወይም «ከዚህ በሦስተኛ ይቀንሳል» ብሎ ቢናገር ይሻለዋል። ለንጽጽር ይታመናል። ለፍጹም ቁጥር ግን አይታመንም።

የአየር ንብረት ለውጥ ቁጥሮችን የምታስገቡትም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። የሙቀቱን ነገር ሁሉም የዓለም አየር ንብረት ሞዴሎች ይስማሙበታል፤ ይጨምራል። በዓባይ ተፋሰስ ዝናብ ላይ ግን አይስማሙም። አንዱ ይጨምራል ይላል፣ ሌላው ይቀንሳል ይላል። ስለዚህ አንድ ሞዴል መርጦ «ዝናቡ ይህን ያህል ይሆናል» ማለት አይገባም። ቢያንስ አንድ ርጥብና አንድ ደረቅ ነገን ጎን ለጎን አስኪዱ። በሁለቱም የሚጠቅም ሥራ ካገኛችሁ፣ ለምሳሌ እርከን፣ እሱን ያዙ።

ማሽን ለርኒንግ

ተማሪዬ በጣም የጓጓችበት ይሄ ነበር። አጭር መልስ ልስጥ፤ ለእኛ ገና ነው። እነዚህ ዘዴዎች ያዩትን ነው የሚማሩት። በየሰዓቱ ውሃ የሚለካ መሣሪያ ወንዝ ውስጥ የተከሉ አገሮች በደንብ ይሠራላቸዋል፤ ነገ ጠዋት ስለሚሆነው ነገር ያስጠነቅቃቸዋል። ቀሃ ላይ ግን ያለው መረጃ በጣት የሚቆጠር ነው። ደግሞ አዲስ ግድብ፣ አዲስ የፍሳሽ መስመር ቢመጣ ሞዴሉ አይቶት አያውቅም። ለፍሰት ብቻ፣ በአዘዞው መዝገብ፣ መሞከር ይቻላል። ለውሃ ጥራት ግን ጊዜያችሁን አትጨርሱ።

ወንፊትና ሳፋ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መጣን፤ ወደ ፍጥረቱ። እኔ በጣም የምወደው መንገድ ይሄ ነው፤ አልደብቅም።

ቦቲ አድርጋችሁ፣ ጓንት አጥልቃችሁ ወንዝ ውስጥ ግቡ። ቢልሃርዚያ ስላለ በባዶ እግር አይሆንም። ወንፊቱን ውሃው በሚወርድበት በኩል ያዙ፤ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ በእግር አንቀሳቅሱ። የተያዘውን ነጭ ሳፋ ውስጥ ገልብጡ። ሦስት ጭራ ያላት ትንሽ እጭ ካያችሁ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ጎጆ ሠርታ በውስጡ የምትኖር ካገኛችሁ፣ ውሃው ደህና ኦክስጅን አለው። ደም የመሰለ ቀይ ትል ብቻ ከሆነ ወንዙ ታፍኗል። ትሉ የቀላው በከንቱ አይደለም። የኛን ደም የሚያቀላው ዓይነት ንጥረ ነገር በውስጡ ስላለ በጥቂት ኦክስጅን መኖር ይችላል። አልቅትና ቀንድ አውጣ መሀል ላይ ናቸው።

አንድ ቀን የተለካ ኦክስጅን ያንን ሰዓት ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ማታ የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት ላይ አልፎ ይሄዳል። እጯ ግን ወራት እዚያው ነበረች። ምስክር ናት።

ነጥብ የምትሰጡበትን ሰንጠረዥ ግን ከአውሮፓ አታምጡ። እዚያ ሁለት ጭራ ያላቸው የድንጋይ ሥር እጮች ብዙ ዓይነት ስለሆኑ፣ እነሱ ከሌሉ ወንዙ ቆሻሻ ነው ይባላል። በኢትዮጵያ ግን ከዚያ ወገን ያለው እጅግ ጥቂት ነው። የጠራ የሰሜን ተራራ ምንጭ በእነሱ ሰንጠረዥ ቢመዘን ይወድቃል። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ተብሎ የተዘጋጀና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ኢትባዮስ የተባለ የነጥብ አሰጣጥ አለ። እሱን ተጠቀሙ።

«ይሄ እኮ ዛሬን መለካት እንጂ ትንበያ አይደለም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ። ግን ከከተማው በላይ፣ መሀል ከተማና ከከተማው በታች ናሙና ውሰዱ። መሀል ከተማ ያለው ቦታ ዛሬ የሚመስለውን፣ ከተማው ወደ ላይ ሲሰፋ የላይኛው ቦታ ይመስለዋል። የትኞቹ ፍጥረታት መጀመሪያ እንደሚጠፉ ከዛሬው ቅደም ተከተል ማንበብ ይቻላል። ፍጹም አይደለም። ወንዝ ሲወርድ በራሱም ይሞቃል፣ ይዘገያል። ስለዚህ ከተማ የማይነካው ሌላ ወንዝ ላይ በተመሳሳይ ከፍታ ናሙና ወስዳችሁ አመሳክሩ።

ውሃ ዳር ቆሞ ማየትን የሚንቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ዶክተር አክሊሉ ለማን አነሳለታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ዕፅ የተገኘው እንዲያ ነው። በውድ መሣሪያ አልነበረም። እዚያው ወንዝ ዳር፣ በዓይን ነው።

ዝርያ የት ይተርፋል?

ማክሴንት የሚባል ፕሮግራም አለ። አንድ ዝርያ የተገኘባቸውን ቦታዎችና የየቦታውን ሙቀት፣ ዝናብና ከፍታ ወስዶ፣ አየሩ ሲለወጥ ለዚያ ዝርያ የሚስማማው ቦታ ወዴት እንደሚሄድ ይስላል። ለወፍና ለዛፍ ጥሩ ነው። ለወንዝ ዓሣ ስትመርጡት ግን ጠንቀቅ በሉ። ካርታው ላይ ወንዝ እንደ ሜዳ ይታያል። ዓሣ ግን በሜዳ አይሄድም።

የባርባስ ዓሦቹን ነገር እንመልከት። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከጣና ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ይወጣሉ። ጠጠር ላይ፣ ንጹህና አየር ያለው ውሃ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። ጠጠሩ ለግንባታ ከተወሰደ፣ ወይም ደለል ከሸፈነው፣ እንቁላሉ ይታፈናል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ ከመውጣታቸው በፊት ያልቃሉ። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ የሚያደነዝዙም አሉ። መገጭ ላይ የሚሠራው ግድብ ደግሞ ለደምቢያ መስኖና ለከተማችን ውሃ ተስፋ ነው። ለዓሣው ግን በር ነው፤ ወይ ይከፈታል ወይ ይዘጋል። በሙቀት ካርታ ውስጥ መረብ የለም። ብርብራ የለም። ግድብም የለም።

ስለዚህ ዓሣ ላይ የምትሠሩ ከሆነ እኔ የምመርጥላችሁ ከሞዴል በፊት ዝርዝር ነው። በየወንዙ እንቁላል የሚጥሉበትን ጠጠራማ ቦታ በእግር ሂዳችሁ መዝግቡ። ከሐይቁ እስከዚያ ድረስ ያሉትን መሰናክሎች ቁጠሩ። ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆችን ጠይቁ። አንድ የደምቢያ አባት «ልጄ፣ እኛ ድሮ ዓሣው ሲወጣ በድምፁ ነበር የምናውቀው» ብለውኛል። ያ ድምፅ በየትኛው ዓመት እንደጠፋ የሚነግራችሁ ሌላ መረጃ የለም።

ከውሃ ናሙና የዘር ቅንጣት አጣርቶ በውስጡ የኖረውን ፍጥረት የሚለይ አዲስ ዘዴም አለ። ተስፋ ያለው ነው። ግን ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ የኛን ዝርያዎች የሚያውቅ የተሟላ መዝገብም ይፈልጋል። ባርባሶቹ ደግሞ በዘር በጣም ስለሚቀራረቡ እርስ በርስ መለየቱ ይከብዳል።

ታዲያ ማን ምን ይምረጥ?

የቀበሌ ወጣት ማኅበር ከሆናችሁ፦ ብርቱካኑ፣ እርሳሱ፣ ወንፊቱና ሳፋው። ወጪው ትንሽ ነው። በየዓመቱ በየካቲትና በግንቦት መጨረሻ በአንድ ቦታ ላይ አድርጉት። ሦስት ዓመት ካደረጋችሁት በከተማው ማንም የሌለው መረጃ ይኖራችኋል።

ፍሳሽን የሚመለከት ውሳኔ ፊታችሁ ካለ፣ ለምሳሌ ማጣሪያው የት ይሁን የሚል፣ ኳል2ኬን ያዙ፤ ከፍታውን አትርሱ። ግድብ፣ ደለል፣ እርሻና እምቦጭ ከሆነ ስዋትን። ስለ ዓሣ ከሆነ ዝርዝሩንና እግራችሁን። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ መመለስ ካለባችሁ የውሃውን ሞዴል ከወንፊቱ ጋር አጣምሩ። ሞዴሉ «ኦክስጅኑ እዚህ ጋ ከ4 በታች ይወርዳል» ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቀይ ትል መብዛት አለበት። ካልበዛ ስህተቱ ሞዴሉ ላይ ነው፤ ትሉ ላይ አይደለም።

የትኛውንም ብትመርጡ ትንበያችሁን ከክረምት በፊት ጽፋችሁ፣ ቀን አድርጋችሁበት አስቀምጡ። «ሃያ ዓመት» ከማለታችሁ በፊት መጪውን የካቲት ተንብዩ። የካቲትን የሳተ ስሌት ሃያ ዓመቱን አያገኘውም።

ተማሪዋ በመጨረሻ ኳል2ኬንና ወንፊቱን መረጠች። ቀሃ ላይ ስድስት ቦታ ይዛለች። ቁጥሮቿን ግንቦት ላይ ጽፋ አንድ ቅጂ ለእኔ፣ አንድ ቅጂ ከወንዙ ዳር ልብስ ለሚያጥቡ እናት ሰጠች። እሳቸው ወረቀቱን አጣጥፈው ሳሙናቸው ካለበት ፌስታል ውስጥ ከተቱት። «የካቲት ላይ ነይና እናያለን» አሏት።